አንጓችን ትቼ ለቃለ መጠይቅ የሄድሁ ዕለት

ይህን ታሪክ በዕድሜዬ ለሁለት ሰው ብቻ ነው የተናገርሁት። አንዱ ቄስ ናቸው። ሌላው ከሰው ሁሉ ተለይቶ ሊሰማው የማይገባ ሰው ነበር። ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም፤ ብናገር የሚቀየመኝ የለም ብዬ ነው ለእናንተ ማውጋቴ። መጨረሻው የሚያምር ወግ የለመዳችሁ ካላችሁ ግን ከወዲሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የኔው እንደዚያ አይደለም።

ነገሩ የሆነው በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ ጥቅምት ላይ፣ ቡሬ ከተማ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ተወልጄ፣ በልጅነቴ ድቁና ተቀብዬ ስቀድስ አድጌ፣ ኋላ አስኳላ ገባሁና ቀናኝ። በነፃ ትምህርት ወደ አንድ የምሥራቅ አውሮፓ አገር ተልኬ አምስት ዓመት ሙሉ የጥርስ ሕክምና ተማርሁ። ስመለስ አገሬ በእልልታ የምትቀበለኝ መስሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ያለው የሚመለከተው ክፍል ዲፕሎማዬን አገላብጦ አገላብጦ አየና፣ ቋንቋውን የሚያነብ ሰውም አጣና፣ ይህ ትምህርት እዚህ አይታወቅም አለኝ። በሐኪም ስም መሥራት አትችልም፤ ቡሬ ሂድና በረዳትነት ጥርስ ንቀል ተባልሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኙ፣ እሱ ወረቀቱ ሆነን ተያይዘን ቡሬ ገባን።

ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ ጸጋዬ የሚባል ድሬሰር ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። በሌላው እኔ ከአንድ ወንበርና ከጥቂት ጉጠት ጋር እቀመጣለሁ። ጸጋዬ ሰው የሚወድ፣ ሰውም የሚወደው ልጅ ነበር። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሕዝቡን እቆጣው ነበር። ጥርሱ ከበሰበሰ፣ መንጋጋው ካበጠ በኋላ ነው የሚመጣው። «እስከ ዛሬ የት ነበርህ?» ሳልለው ያስቀመጥሁት ሰው አልነበረም። የተበደልሁት አዲስ አበባ ላይ፣ የተቆጣሁት ቡሬ ላይ፤ ይኸው ነበር ሥራዬ።

መውጫ መንገድ የነገረኝ አንድ የትምህርት ጓደኛዬ ነው። በሌላ አገር የተማሩ የጥርስ ሐኪሞችን ተቀብሎ፣ ሁለት ዓመት ደግሞ አስተምሮ፣ የትም የሚሠራበት ዲፕሎማ የሚሰጥ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ውጭ አገር አለ አለኝ። አመለከትሁ። የትምህርት ማስረጃህ ተተርጉሞ ይምጣ አሉኝ፤ አስተርጉሜ ላክሁ። ማኅተም ይጎድለዋል አሉኝ፤ ማኅተም ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሁለት ጊዜ ተመላለስሁ። የድጋፍ ደብዳቤ ከሦስት ሰው አሉኝ፤ ከሦስት ሰው ለመንሁ። እንዲህ እያልሁ ሁለት ዓመት ገፋሁ። በመጨረሻ መልስ መጣ። ያሉት ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ ፈታኞች አዲስ አበባ መጥተው ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ፤ በዕለቱ ያልተገኘ ሁለተኛ ማመልከት አይችልም ይላል። ደብዳቤውን በቃሌ እስካውቀው ድረስ አነበብሁት።

በዚያን ዘመን ከባሕር ዳር የሚነሣው አውቶቡስ ቡሬ የሚደርሰው አራት ሰዓት ገደማ ነው። ደብረ ማርቆስ ያድራል፤ በማግሥቱ ማታ አዲስ አበባ ይገባል። በቀን አንድ ነው፣ ሌላ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ለመድረስ ሐሙስ መሳፈር ግድ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሱፌን ለብሼ፣ ሻንጣዬን ክሊኒኩ በር ላይ አስቀምጬ፣ የእንግሊዝኛ መልሶቼን እያነበነብሁ የመኪናውን ጥሩምባ እጠብቅ ጀመር።

ሦስት ሰዓት አልፎ አንድ ሰውዬ ሚስቱን ክንዷን ይዞ መጣ። እንየው ይባላል፣ ከከተማው ዳር የሚያርስ ገበሬ ነው። ሚስቱ አንጓች ናት፤ ሃያ ሁለት ቢሆናት ነው። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ የነጠላዋን ጫፍ በአፏ ላይ ይዛለች። ከኋላቸው አንዲት ሴትዮ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፋለች። የእንየው እኅት ናት። ከክርስትና እንደተመለሱ ያስታውቃሉ። እኔ ገና ሳያቸው ዛሬ አልሠራም፣ መንገደኛ ነኝ አልሁ። እንየው አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አንጓች ነጠላዋን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገችው።

ያየሁትን ዛሬም አያለሁ። ከመንጋጋዋ ሥር በግራም በቀኝም አብጦ፣ አገጭና አንገቷ አንድ ሆኗል። ስነካው እንደ እንጨት ጠጥሯል። አፏን የአንድ ጣት ያህል ብቻ ነው የምትከፍተው፤ ምላሷ ከሥሩ ተገፍቶ ወደ ላይ ወጥቷል። ምራቋን መዋጥ ሲያቅታት አየሁ። ትፊው ብዬ ሳህን አቀረብሁላት፤ ራሷን ነቅንቃ እምቢ አለችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና እንደምንም ዋጠችው፤ ስትውጥ እንባዋ በጉንጯ ላይ ወረደ።

በሽታውን አውቀዋለሁ። አስተማሪያችን ይህን ዓይነት እብጠት በሥዕል ሲያሳየን፣ ይህን ስታዩ ሰዓታችሁን ሳይሆን ቢላዋችሁን ነው የምታነሡ ይለን ነበር። ከመንጋጋው ሥር ተቀድዶ ካልፈሰሰ እብጠቱ ወርዶ ጉሮሮን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሐኪምም ቄስም አይመልሰው።

«እኅቴ፣ ይህ አሁኑኑ መቀደድ አለበት» አልኋት።

«ዛሬ አይሆንም ጌታዬ» አለችኝ። ድምጿ ከአፍንጫዋ የሚወጣ ይመስል ነበር። «ቆርቤያለሁ።»

የቀረውን እንየው ነገረኝ። ጥርሷ ካመማት አሥር ቀን አልፎታል። አራስ ናት፤ ዛሬ አርባኛ ቀኗ ነው። ለልጇ ክርስትና ቤተ ክርስቲያን ገብታ ከልጇ ጋር ለመቁረብ ቀን ስትቆጥር ነው የከረመች። ለሰው ብናገር ጥርሴን ያስነቅሉኛል፣ ደም ሲፈሰኝ ደግሞ መቁረቡ ይቀርብኛል ብላ ሕመሟን ደበቀች። እብጠቱ ሲመጣ ነጠላዋን ተከናነበች። ዛሬ ከቆረበች በኋላ አፏን ሸፍና ብትመጣ ማን ይጠርጥራት፤ የቆረበ ሰው ሁሉ አፉን ይሸፍናል። ቤት ገብታ ገንፎ ሲያቀርቡላት መዋጥ ሲያቅታት ነው ያወቁባት።

አገሩን ለማያውቅ ልንገረው፤ የቆረበ ሰው በዚያን ዕለት አይተፋም፣ ደምም ከሰውነቱ እንዲወጣ አያደርግም። እሾህ እንዳይወጋው እንኳ ተጠንቅቆ ነው የሚረግጥ። እኔ ደግሞ ዲያቆን የነበርሁ ሰው ነኝ፤ ይህን የሚያስረዳኝ አልፈልግም።

መርፌ ብቻ ልስጥሽ ብላት መርፌም ደም ያወጣል አለች። «ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው ጌታዬ። ከዚያ ወዲያ እንዳሻዎ ያድርጉኝ» ብላ ለመነችኝ። እንደ ሕፃን ነበር የምትለምነኝ፤ እኔ ጌታ፣ እሷ በደለኛ ይመስል።

ጸጋዬ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ቀረብ ብሎ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ «የነፍስ አባቷን መምሬ አስረስን ብናስጠራቸውስ? ገና ከቅጥሩ አልወጡም» አለኝ። ልጁን ያጠመቁት እሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ከክሊኒኩ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ነው፤ ጠርቶ ለመመለስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ሰዓቴን አየሁ። ለአራት ሩብ ጉዳይ ነው። ቄሱ መጥተው ቢፈቅዱ መቅደዱ፣ ማፍሰሱ፣ ጥርሱን ማውጣቱ፣ ከዚያም ትንፋሿ እስኪረጋ አጠገቧ መቀመጡ፣ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። መኪናው ይሄዳል። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር ይሄዳል። እንግዲህ ስሙኝ፤ እኔ ያን ጊዜ የፈራሁት መምሬ አስረስ እምቢ ይላሉ ብዬ አልነበረም። እሽ እንዳይሉ ነው የፈራሁ።

«ቄስ ምን እንደሚል ይታወቃል፤ በከንቱ አናድክማቸው» አልሁት ጸጋዬን። ከዚያም ድምጼን ከፍ አድርጌ፣ እንየው እንዲሰማኝ፣ «ቁርባኗን ልናከብርላት ይገባል» አልሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደስ አለኝ። ደግ ሰው የሆንሁ መሰለኝ። ጸጋዬን ፀሐይ ስትጠልቅ ፔኒሲሊን እንዲወጋት፣ ነገ ጠዋትም በተገኘው መኪና ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እንዲልካት አዘዝሁት። እንየው ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ከለከልሁት። ይህን ሁሉ ቆሜ ነው ያደረግሁ፤ አንዴም አልተቀመጥሁም።

ጥሩምባው ተነፋ። ሻንጣዬን አንሥቼ ወጣሁ። መኪናው ላይ ሆኜ ዞር ብዬ ሳይ አንጓች ክሊኒኩ ደጅ ካለው መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ ልጇን ተቀብላ ታጠባለች። አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የምትተነፍስ።

መንገዱን እንዴት እንዳለፍሁት ልንገራችሁ? በደኅና ነው ያለፍሁት። ፍኖተ ሰላም ወርጄ ሙዝ ገዛሁ። ደምበጫ ላይ ከጎኔ የተቀመጠው ነጋዴ የዳጉሳ ዋጋ ሲያማርር እያዳመጥሁ ሳቅሁ። ደብረ ማርቆስ ገብተን፣ አልጋ ይዤ፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ደጅ ቆሜ አየኋት። አሁን ጸጋዬ ወግቷታል ብዬ ወደ ራት ገባሁ። በላሁም። አርብ ዓባይን ስንሻገር የእንግሊዝኛ መልሶቼን እያነበነብሁ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ሆቴል አዳራሽ ደጅ ሰባት ሰዎች ተሰልፈን ተቀመጥን። አንዱ ሕንድ የተማረ፣ ሌላው ግሪክ፤ ሁላችንም በየአገሩ የጥርስ ሐኪም ተብለን፣ አገራችን ስንገባ ምንም ያልተባልን ሰዎች ነን። እርስ በርስ አልተነጋገርንም። ቦታው ሁለት ነው፤ ከጎንህ የተቀመጠው ሰው ባይኖር ደስ ይልሃል።

ስሜ ሲጠራ ገባሁ። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለት የውጭ አገር ሰዎችና አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም። መጀመሪያ አንድ ሳሙናና ትንሽ ቢላዋ ሰጥተው የታችኛውን መንጋጋ ጥርስ ቅረጽ አሉኝ። ቀረጽሁ። ሥሩን፣ ጉብታውን፣ ሁሉን አሳምሬ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አቆምሁት። ኢትዮጵያዊው ሐኪም አንሥቶ በብርሃን አየውና ፈገግ አለ። ከዚያ ስለ ተማርሁት፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ማደንዘዣ ጠየቁኝ፤ መለስሁ።

የመጨረሻውን ጥያቄ ያቀረቡት ጠጉራቸው የሸበተ የውጭ አገር ሴት ናቸው። በእንግሊዝኛ ቀስ ብለው፣ በአገርህ እምነት ወይም ልማድ ምክንያት ሕክምናን እምቢ ያለ በሽተኛ ገጥሞህ ያውቃል ወይ፣ ገጥሞህ ከሆነ ምን አደረግህ አሉኝ።

አፌን ስከፍት ምን እንደምል አላውቅም ነበር። እንደ ውሃ ወረደልኝ። ከትናንት ወዲያ አንዲት እናት መጥታ ነበር አልሁ። እብጠቱን፣ ቁርባኑን፣ እምቢታዋን ሁሉ በትክክል ነገርኋቸው። ከዚያ ውሸቱ ጀመረ። «የነፍስ አባቷን አስጠራሁ» አልሁ። «ቄሱ መጥተው ይህ ደም የሕይወት መዳኛ ነው፣ ኃጢአት የለበትም አሏት። ነጭ ነጠላ አንጥፈው፣ እኔ ስቀድደው የወጣውን ደምና መግል አንድ ጠብታ መሬት ሳይነካ ተቀበሉት። ወስደውም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ እግር በማይረግጠው ቦታ ቀበሩት። ማታውን ልጇን አጠባች።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ ጻፉ። ኢትዮጵያዊው ሐኪም ጨበጠኝ። «እንዲህ ያለ ሰው ነው የምንፈልግ» አለኝ በአማርኛ። እጁን ለመልቀቅ ቸኮልሁ።

ደጅ ወጥቼ ግንብ ተደግፌ ቆምሁ። ያን ሁሉ ከየት አመጣሁት? ስፈጥረው መስሎኝ ነበር፤ አልፈጠርሁትም። ልጅ ሆኜ፣ ዲያቆን ሳለሁ፣ አንድ ሽማግሌ ቆርበው ሲወጡ ነስሯቸው ቄሱ እንዲሁ በነጠላቸው ተቀብለው ሲቀብሩት አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። መልሱ ሐሙስ ዕለትም ራሴ ውስጥ ነበር። ቡሬ ላይ የዘጋሁት አፍ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ።

እሑድ ማለዳ ተሳፈርሁ፤ ሰኞ እኩለ ቀን ቡሬ ገባሁ። ጸጋዬ ክሊኒኩን ይጠርጋል። ሰላም ስለው መጥረጊያውን ሳይለቅ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሐሙስ በአሥር ሰዓት አረፈች» አለኝ። «መርፌውን አዘጋጅቼ ፀሐይዋን ስጠብቅ ነበር።»

ድምጹ ወቀሳም አልነበረበትም። ብርጭቆ መርፌው እንደተቀቀለ፣ መድኃኒቱ እንደተበጠበጠ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አራት ቀን ሙሉ አላነሣውም። እኔ አነሣሁና ደፋሁት።

ለቅሶ ቤት መሄድ ነበረብኝ፤ አለመሄድ ነውር ነው። ሱፌን አውልቄ ጋቢ ለብሼ ሄድሁ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ልቀመጥ ስል እንየው ተነሥቶ መጣ። ትከሻዬን ሳመኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «ቁርባኗን ያከበሩላት ሐኪም እኝህ ናቸው። ሌላው ቢሆን በግድ ቀድዶ ያረክስብኝ ነበር። ሚስቴ እንደ ቆረበች፣ እንደ ነጻች ሄደችልኝ» አለ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ እግዜር ይስጥልን አሉኝ። የእንየው እኅት ሕፃኑን ታቅፋ በጥጥ ወተት ጠብ ታደርግለታለች፤ እሷም ጎንበስ አለችልኝ። ወገኖቼ፣ ሰው ቢሰድበኝ፣ ቢደበድበኝ እንዴት በቀለለኝ። አሜን አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ከሰዉ መካከል አንድ ሰው ብቻ አላመሰገነኝም፤ መምሬ አስረስ። ስነሣ አብረውኝ ተነሡ። ከአጥሩ ወጥተን ጤፍ ማሳው ዳር ደረስን።

«ልጄ» አሉኝ ቆም ብለው፣ «ለምን አላስጠራኸኝም?»

የመኪናው ሰዓት ደርሶብኝ ነው አልኋቸው። እውነቱን በማውጣቴ እኔው ደነገጥሁ። መምሬ መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩት። «ሕጉ ሰው ምሥጢሩን እንዳይንቅ ነው የተሠራ እንጅ አራስ ታፍና እንድትሞት አይደለም። ብትጠራኝ ነጠላዬን አነጥፍላት ነበር። ደሙን ተቀብዬ ከቅጥሩ ውስጥ እቀብረው ነበር» አሉኝ።

ማሳው ዳር ቁጭ አልሁና ሁሉን ነገርኋቸው፤ ጸጋዬ ያለውን፣ እኔ የመለስሁትን፣ አዲስ አበባ ላይ ይህንኑ እሳቸው የተናገሩትን ቃል አንድ ሳላጎድል እንዳደረግሁት አድርጌ እንደተናገርሁ። ሲሰሙኝ ቆይተው፣ «ለካ ታውቀው ኖሯል» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው ነው ያሉት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከዚህ የከፋ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ንስሐ ስጡኝ አልኋቸው። ጾም ያዝዙኛል፣ ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ድንኳኑ እያዩ፣ «ቀኖናህ ይህን ለእንየው አለመናገር ነው። አሁን ያ ሰው የቆመ በምስጋናው ላይ ነው። ሲያመሰግንህ ዝም ብለህ ተሸከመው። እስክትሞት» አሉኝ።

ደብዳቤው ከሁለት ወር በኋላ መጣ፤ ተቀብለውኛል። እንግዲህ እዚህ ላይ ደብዳቤውን ቀደድሁት እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልቀደድሁትም። ሄድሁ። ሁለት ዓመት ተማርሁ፤ የትም የሚያሠራ ዲፕሎማ ይዤ ተመለስሁና ፍኖተ ሰላም ላይ ሥራ ጀመርሁ። የተማርሁት ትምህርት ብዙ ሰው ጠቅሟል፤ ይህንም አልክድም። በአንድ ነገር ተለውጫለሁ። በሽተኛ አይሆንም ሲለኝ አልቆጣም፣ እሽም አልልም። ይህን ማን ይፈታዋል ብዬ እጠይቃለሁ፤ የሚፈታው ሰው ሩቅም ቢሆን እልክበታለሁ፤ እስኪመጣ ወንበር ስቤ ከበሽተኛው አጠገብ እቀመጣለሁ። እናንተም፣ የሌላውን ሰው እምነት አከብራለሁ ስትሉ፣ እባካችሁ ሰዓታችሁን እያያችሁ እንዳይሆን። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ «አከብራለሁ» የሚለውን ቃል ከአፌ ሳወጣ ቆም እላለሁ።

እንየው አልረሳኝም። በየዓመቱ ኅዳር ላይ በርበሬው ሲደርቅ፣ ከደህናው መርጦ በአህያ ጭኖ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ድረስ ያመጣልኛል። ክፈል አይልም፤ ብሰጠውም አይቀበል። ቁጭ ብሎ ጠላ ይጠጣል፣ ስለ ልጁ ያወራል፣ ያችን ምስጋና ይደግማትና ይሄዳል። እኔም እሽ፣ አሜን እላለሁ። ያ በርበሬ የገባበትን ወጥ ስበላ ኖሬያለሁ።

ብዙ ዓመት ቻልሁት። መምሬ አስረስ ካረፉ በኋላ ግን በአንዱ ኅዳር አልቻልሁም። እሱ ምስጋናውን ሲጀምር አቋረጥሁት። ሁሉን ነገርሁት፤ መኪናውን፣ ቄሱን፣ አዲስ አበባ ላይ የዋሸሁትን። ስናገር አለቅስ ነበር፤ እየቀለለኝም ነበር። እሱ አላለቀሰም። ጠላውን ሳይጨርስ ጣሳውን አጠገቡ አስቀመጠ።

«ቀለለዎ?» አለኝ።

ዓይኔን በጋቢዬ ጠረግሁ።

«ጸጋዬ መምሬን እንጥራ ሲል ሰምቼዋለሁ» አለ። «እኔም እግር ነበረኝ። ሐኪሙ አከበሩላት እያልሁ፣ እርስዎን እያመሰገንሁ ነው እስከ ዛሬ የኖርሁ። እንግዲህ በምን ልኑር?»

ተነሣ፤ በርበሬውን አራግፎ ባዶውን ስልቻ አህያው ላይ አሰረና ሄደ። ልሸኘው ስል በእጁ ከለከለኝ። በሚቀጥለው ኅዳር አልመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም። ልጠይቀው ብዬ ቡሬ ድረስ ሄጄ ከበሩ ተመልሻለሁ። ሲሞት የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው፤ ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆምሁ። ማንም አላመሰገነኝም።